የሥራ ማስታወሻ፦ የልጄ ሐውልት

ጥቅምት 28 ቀን 2016፣ ረቡዕ

ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል። ዛሬ ሄጄ መሬቱን አየሁት። የመቃብሩ አፈር በመካከሉ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። ባለፈው ሚያዝያ "ሐውልቱን ቶሎ እናቁምላት" ያሉኝን ሁሉ እምቢ ያልኳቸው ለዚህ ነበር። ከቃሊቲ ወዲያ ያለው መሬት ጥቁር ኮትቻ ነው፤ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚያ ላይ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ነው። ቢያንስ አንድ ክረምት ሳይዘንብበት ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) የጫነበት ሰው በዓመቱ የሚያገኘው የተሰነጠቀ እምነ በረድ ነው። በግቢው ስዞር እንዲህ የሆኑ ዘጠኝ መቃብሮች ቆጠርኩ።

38 ዓመት በግንበኝነትና በፎርማንነት ሠርቻለሁ። የሠራሁትን ሁሉ በደብተር ይዣለሁ፤ ይህንንም እይዛለሁ። የሥራው ዓይነት፦ መቃብር። ማስረከቢያ፦ ጥር 19፣ እሑድ፣ ሙት ዓመቷ።

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሟ "አባዬ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ለባለሙያ ስጠው" አለኝ። ባለሙያ የሚለው ማንን እንደሆነ ጠየቅሁት። ዝም አለ። አንድ የእምነ በረድ ቤት ለሙሉ ሥራው 95,000 ብር ጠርቶልናል። ስለ መሠረቱ ስጠይቀው "መሠረት ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ከላይ ነው የምናስቀምጠው" ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው አልተነጋገርንም።

ዕቅዴ ይህ ነው። ሶሌታው በተቆፈረው አፈር ላይ አይቀመጥም። በራስጌና በግርጌ፣ ከጉድጓዱ ውጪ ባልተነካው መሬት ላይ፣ ሁለት የድንጋይ መሠረት እሠራለሁ። ሶሌታው እንደ ድልድይ በሁለቱ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ያለው አፈር ወደፊት ቢወርድም ሶሌታው ከቦታው አይነቃነቅም። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ፌሮው ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ በየ20 ሴንቲ ሜትር። ከላይ የዳለቲ እምነ በረድ። ራስጌው በምዕራብ ነው፤ ጽሑፉ ያለበት ድንጋይ እዚያ ይቆማል። ቁመቱ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ቤት የሚያህል ሐውልት አልወድም።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ወጣ። ዕቃ ገዛሁ፦ ሲሚንቶ 3 ከረጢት በ650 ብር፣ አሸዋ 8 ማዳበሪያ በ120፣ ጠጠር 7 ማዳበሪያ በ130፣ ባለ 8 ፌሮ 3 ዘንግ በ560። ድንጋይ ከግቢዬ አለኝ። ለካሳፎርማው (ኮንክሪቱን ለሚይዘው ቅርጽ) የሚሆን ጣውላም ከድሮ የተረፈ አለ።

አሸዋው የሞጆ ነው ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። በውሃ ላስቲክ ውስጥ ግማሽ ድረስ አድርጌ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሬ፣ በጥብጬ እስኪረጋ ተውኩት። ደለሉ ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ አገኘሁት፤ በማስመሪያ ስለካው ወደ 9 ይጠጋል። ስለዚህ ግማሽ ቀን አሸዋ ሳጥብ ዋልኩ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ለምን አሸዋ እንደማጥብ ጠየቀችኝ። "ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን አያቅፈውም" አልኳት። "እንደ ስኳርና ሻይ ነው?" አለች። አይደለም፤ ግን ተውኩት።

ዕድሜዋ 11 ነው። ቅዳሜና እሑድ ከእኛ ጋር ታድራለች፤ ሌላውን ቀን የምታድረው ሳሪስ ከአባቷ ጋር ነው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

መሠረት። ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ እያንዳንዳቸው 500 ብር። የግርጌውን እኔ ከአንደኛው ጋር ቆፈርኩ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 30 ስፋት። የራስጌውን ሌላው ልጅ ቆፈረ። ልኩን ሲወስድ ገመዱን በዚያ በኩል እርሱ ያዘ፣ እኔ በዚህ በኩል። 2 ሜትር ከ15 አለ። ጻፍኩ።

ውሃ ልክ ለመውሰድ ሰው ስላነሰ ልጅቷ የቱቦውን ጫፍ ያዘች። ግልጽ ቱቦ ነው፤ ውሃ ይሞላና በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሲረጋ ልኩ ይወሰዳል። እናቷ በዕድሜዋ ስትሆን ክረምት ክረምት ሳይት ላይ ይህንኑ ትይዝልኝ ነበር። አውራ ጣቷን በቱቦው አፍ ላይ ስለምትደፍን ውሃው አይንቀሳቀስም ነበር፤ እኔ "ንሺ ጣትሽን" እያልኩ እጮኻለሁ። ይህችኛዋም ደፈነችው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ድንጋዩን ጨረስን። የሞርታሩ ድብልቅ፣ ሲሚንቶ ለአሸዋ፣ 1 ለ4።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ሶሌታ ተሞላ። በመካከል የወረደውን አፈር በገረጋንቲ ሞልተን፣ ጠቅጥቀን፣ ላስቲክ አንጥፈን ነው የሞላነው። ድብልቁ፣ ሲሚንቶ ለአሸዋ ለጠጠር፣ 1 ለ2 ለ3፣ በ50 በ40 በ20 ሳጥን። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በቃ። ንዝረት መስጫ ስለሌለ በፌሮ ቁራጭ ወጋነው። በፍራታሶ (በማለስለሻ ሰሌዳ) ጨረስኩት። ጥሩ ቀን ነበር።

እስካሁን 6,500 ብር።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ካሳፎርማውን ፈታሁ። ሶሌታው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ክር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ከራስጌው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ። መጀመሪያ ከድርቀት የመጣ መሰለኝ። ልጅቷም ውሃ ማጠጣቱን አንድ ቀን ዘልያለሁ ብላ ደነገጠች። ውሃ ልኩን ሳስቀምጥ ግን ራስጌው 14 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የወረደው መሠረቱ ነው እንጂ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ማታ ደብተሩን ገልጬ ተቀመጥኩ። ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ጉድጓዱ በራስጌ በኩል ገመዱ ከተያዘበት 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ምዕራብ አልፎ ይሄዳል። ዝናቡ ጉብታውን ጠርጎ ስለወሰደው ጠርዙ በዓይን አይታወቅም፤ በብረት እየወጉ መፈለግ ነበረበት። ይህን ለሠራተኞቼ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጁ ሲቆፍር "ጋሼ፣ አፈሩ ለስላሳ ነው" ብሎኝ ነበር። "ቆፍር" አልኩት። ሄጄ አላየሁም።

ለምን እንዳላየሁ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ግርጌ ነበርኩ። በራስጌ በኩል አንድ ጊዜም አልቆምኩም። በ38 ዓመት ሳልረግጠው ልክ የወሰድኩለት መሬት ይህ ብቻ ነው።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ሶሌታውን ሰበርን። ትልቁ መዶሻ፣ ድጅኖ፣ ግራይንደር ለፌሮው። 500 ብር ለአንድ ሠራተኛ። ሲሚንቶው በዘጠኝ ቀኑ እንኳ ጠንካራ ነበር፤ ሥራው ደህና ነበር ለማለት ነው፣ ቦታው እንጂ። ፌሮው ተጣሞ ስለወጣ ለዚህ አልጠቀምበትም።

ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጥታ ከሩቅ አየችን። "ስታፈርሱባት ነው የመጣሁት?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ምሳውን አስቀምጣ ሄደች።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

የሳይት ሥራ የለም። የጽሑፉ ጉዳይ።

ወንድሟ የላከው ረቂቅ 214 ፊደል ነው። ቀራጩ በፊደል 35 ብር ስለሚያስከፍል 7,490 ብር ይሆናል፤ ከዋጋው በፊት ግን ቦታው አይበቃም። 60 በ70 ድንጋይ ላይ፣ ፊደሉ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቢበዛ 70 ፊደል ነው። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ናቸው፤ ግን በአጠገቧ ያሉት ሁሉም ደግና ሩኅሩኅ ናቸው፣ ድንጋያቸውን ላነበበ። ልጄ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ለ12 ዓመት ሀ ሁ አስተምራለች። ሰው አክባሪነቷን በተመለከተ፣ ከእኔ ጋር በየሳምንቱ ትከራከር ነበር።

አማቼ "የባለቤቷ" የሚል ቃል እንዲገባ ጠየቀ፤ በትሕትና ነው የጠየቀው። ባለቤቴ የክርስትና ስሟና "ዐረፈች" የሚለው ብቻ ይበቃል ባይ ናት።

ከዚያ የልደት ዓመቱ መጣ። ልጃችን የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 1979 ለመስከረም 1 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የሆስፒታሉ ካርድ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ይላል፤ ያ በእኛ መስከረም 1 ቀን 1980 ነው። በካርዱ ከሄድን የእንቁጣጣሽ ልጅ ናት፤ ልደቷንም ሁልጊዜ በእንቁጣጣሽ ነው ያከበርነው። ባለቤቴ ግን "ሳይነጋ ቀን አይለወጥም" አለች። ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነች ነው እንጂ ልደቷ እሷ ናት፤ አመቺ ስላልሆነ ተውነው እንጂ አልረሳሁትም አለች። ልጅቷ ቁጭ ብላ በወረቀት አስልታ ስምንት ጊዜ ብቻ እንደዋለላት ነገረችን፤ ከ1983 እስከ 2011። ዘጠነኛው ባለፈው ጳጉሜን ነበር።

በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፸፱ አምስት ምልክት ነው፣ ፲፱፻፹ አራት። በአንድ ፊደል ይረክሳል ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ። ማንም አልሳቀም። የወለደችው እሷ ናት፤ 1979 ሆነ።

ልጅቷ ከሥሌቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ስሞች ስትጽፍ አየኋት። የእናቷን ስም ከእኔ ስም ጋር፣ የእሷን ከአባቷ ጋር፣ ከአያቷ ጋር። "አባባ፣ በእኔ ስም ውስጥ እማዬ የለችም" አለች። እንዴት የለችም ልላት ነበር። የለችም። የእኛ ስም በአባት በኩል ነው የሚሄደው፤ የእናት ስም በራሷ ላይ ያልቃል። ታዲያ "የእገሊት እናት" ተብሎ የእሷ ስም ድንጋዩ ላይ ይጻፍላት አልኩ። ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "የሕያው ልጅ ስም መቃብር ላይ አይጻፍም! በሞቴ!" የእኔስ ስም የአባት ስም ሆኖ ይጻፍ የለም ወይ ብላት፣ "አንተ ሽማግሌ ነህ" አለችኝ። በዚህ ተዘጋ።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

የራስጌው መሠረት እንደ አዲስ። ዛሬ እኔ ነኝ የቆፈርኩት። በፌሮ እየወጋሁ ጠርዙን አገኘሁ፤ በለስላሳው አፈር ብረቱ በአንድ እጅ ይገባል፣ ባልተነካው ላይ በመዶሻም ይከብዳል። ከጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር አልፌ ጀመርኩ። አዲሱ የሶሌታ ርዝመት 2 ሜትር ከ50፣ ስፋት 1 ሜትር ከ10። ለሞርታሩ ከአንደኛው ዙር የተረፈው ሲሚንቶ በቃ።

ወገቤ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ሶሌታ። ሲሚንቶ በአንድ ወር 680 ገብቷል። ሁለት ከረጢት፣ 5 ማዳበሪያ አሸዋ፣ 7 ጠጠር፣ 3 ዘንግ ፌሮ። መስበሩን ጨምሮ ይህ ዙር 5,550 ብር ፈጅቷል። እስከ ጥር 19 ድረስ 43 ቀን አለ፤ ሲሚንቶው ለሚጠነክርበት 28 ቀን በቂ ነው።

በፍራታሶ እየጨረስኩ ሳለ ልጅቷ ሚስማር ይዛ ራስጌው ጥግ ላይ ተንበርክካለች። ስደርስ የራሷን ስም ጽፋለች፤ ከሱ ቀጥሎ የአባቷን ሳይሆን የእናቷን ስም አስከትላለች። ፊደሉ ደህና ነው፤ መስመሩ ትንሽ ወደ ታች ይሄዳል።

እናቷ በ1987 አንድ ሳይት ላይ እርጥብ ልስን ላይ በሚስማር ሀ ሁ ሂ ብላ ጽፋብኝ ነበር። በፍራታሶ አጠፋሁት፣ ገሠጽኳትም፤ የሰው ቤት ነው።

የሶሌታው ገጽ እንደሆነ እምነ በረድ ስለሚለበጥበት ሻካራ መሆን አለበት። ሞርታር ለስላሳ ላይ አይዝም። ስለዚህ የተቀረውንም በመጥረጊያ ጫርኩት፣ የእሷን ትቼ።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

ውሃ ማጠጣት ቀን በቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ተራዬ ነው ብላ መጣች። ጆንያውን ስታነሣ አየችው። ቆማ አነበበችው። "ይህ ይሸፈናል አይደል?" አለች። "ይሸፈናል" አልኳት። ውሃውን አጠጥታ ጆንያውን መለሰች።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

ውሃ ልክ፦ ራስጌና ግርጌ እኩል። ስንጥቅ የለም።

እምነ በረዱ ተገዛ። 3.5 ካሬ ሜትር፣ ባለ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በካሬ 3,200፤ 11,200 ብር። የሚቆመው ድንጋይ 60 በ70፣ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 3,500። መጓጓዣ 1,200። ነጭ ሲሚንቶ 1,400፤ ግራጫው ሲሚንቶ በነጭ እምነ በረድ ውስጥ እየሰረገ ስለሚያጠቁረው የግድ ነጭ ነው። ሻጩ ግራናይት ውሰድ ብሎኝ ነበር። ግራናይት እንደሚበረታ አውቃለሁ፤ ግን በእጄ መቅረጽ የምችለው እምነ በረዱን ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ የምቀርጸው። ምክንያቱ ቀራጩ ቤት ያየሁት ነገር ነው። ፊደሉን ከኮምፒውተር አውጥቶ፣ ስቲከር ቆርጦ፣ በአሸዋ ንፋስ ይቦረቡረዋል። ንጹሕ ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የሁሉም ፊደል አንድ ነው። አማቼ ዕቃዋ ውስጥ የትምህርት ዕቅድ ደብተሯን አገኘ፤ በሽፋኑ ላይ ስሟን ከነአባቷ በራሷ እጅ ጽፋበታለች። ለአንደኛ ክፍል የሚጽፍ ሰው ፊደል ነው፤ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለበቱ የተዘጋ፣ አንዱ ከሌላው የማይነካካ።

የእኔ ስም የሚጀምረው በብዙኃኑ ኀ ነው። መታወቂያዬ ላይ በሃሌታው ሀ ነው የተጻፈው፤ ባንክም፣ ጡረታም እንደዚያው። እኔ ግድ አይለኝም ነበር። እሷ ግን "ስምህን እንኳ አስከብር" ትለኝ ነበር። ደብተሯ ላይ በኀ ነው።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ሽፋኑን ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩ። ፊደሏ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ 4 ለማድረስ 200 በመቶ ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ላይ የመስመሩ ጠርዝ ይሻክራል፤ የእስክሪብቶው መንቀጥቀጥም ይታያል። ቀለሙን በእርሳስ አስተካከልኩት፤ መንቀጥቀጡን ግን አልነካሁም። ፊደሏ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አላውቅም ነበር። ደብተሩ የታመመችበት ዓመት ነው።

የተቀረውን፣ ማለትም "መምህርት"፣ "እናት" የሚለውን፣ ዓመቱን፣ "ዐረፈች"ን ደብተሩ ውስጥ ካሉ ፊደሎች ለቃቀምን። ልጅቷ ናት የፈለገችው። ዓይኑ ዐ ለማግኘት 40 ገጽ ገልጣለች፤ በመጨረሻ "ዐይን" የሚል ቃል ላይ አገኘችው። የግዕዝ ቁጥር ግን የትም አልነበረም፤ እሱን በራሴ ጻፍኩ። በልጅቷ ስም ፋንታ ባዶ "እናት" ብቻ ነው የገባው። አማቼ ካየው በኋላ "የባለቤቷ" የሚለው ይቅር አለ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ወንድሟ 214ቱ ፊደል ወደ 50 መውረዱን ስነግረው ተቆጣ። "ምንም አላልንም እኮ ስለ እሷ!" አለ። የሽፋኑን ፎቶ ላክሁለት። ማታ ደውሎ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ልምምድ በቁራጭ እምነ በረድ ላይ። ጫፋቸው ጠንካራ ብረት የሆነ ሁለት መሮ፣ 1,200 ብር። ፊደሉን በካርቦን ወረቀት አስተላልፌ፣ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት በኩል አጋድሞ መቁረጥ፤ መሐሉ ጠልቆ ጥላ እንዲይዝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደሎች አበላሸሁ። መዶሻዬ ከባድ ነው፤ የግንበኛ መዶሻ ነው። 300 ግራም ቀይሬ አምስተኛው ተሳካ። የግዕዝ ቁጥሮቹ ያስቸግራሉ፤ ከላይና ከታች ያለው ቀጭን ጋድም መስመር ሲነኩት ይሸረፋል። እሱን በግራይንደር ቀጭን ዲስክ ማስጀመር ይሻላል።

ጭንብል ማድረግ። አቧራው ሳንባ አይምርም።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ

ትናንት ገና ነበር። ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ዘንድሮ በ28 ነው የዋለው። ዶሮ አልተሠራም። ልጅቷ ግን ገና ነው ብላ ዳቦ አስጋገረች፤ በላን።

የእሷን ስም ለመቅረጽ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የእኔን ዛሬ ጀመርኩ። ነገሩ በደግ ጊዜ ቢሆን ለጠራቢ የእኔን ስም ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች። ኀ ላይ አንድ ቅርፊት ተነሣብኝ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ማንም አያየውም። በእምነ በረድ ዱቄትና ማጣበቂያ ልሞላው ነበር፤ ተውኩት።

ጥር 6፣ ሰኞ

ቅርጹ ተጠናቀቀ። በጥቁር ቀለም ሞላሁት፣ 450 ብር። ወርቃማ ቀለም ይሁን ያሉ ነበሩ፤ በፀሐይ በሁለት ዓመት አረንጓዴ ይሆናል።

ጥር 9፣ ሐሙስ

እምነ በረዱ ተለበጠ። ሦስት ቁራጭ፣ በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት። ሞርታሩን ስዘረጋ ከራስጌው ጥግ ጀመርኩ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ የመጀመሪያውን ካዙላ ሳፈስ "ቀስ ብለህ" አለችኝ።

ነገ ከተራ፣ ከነገ ወዲያ ጥምቀት። ሥራ የለም።

ጥር 15፣ ረቡዕ

የራስጌው ድንጋይ ቆመ። ቱምቢ ተጣለ፤ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ በሁለት ፌሮ ወደ መሠረቱ ተያይዟል፤ ሰው ቢደገፍበት አይወድቅም። ሰው መደገፉ አይቀርም።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ጥፋት። ለማጽዳት የመጣው ልጅ የሲሚንቶ ነጠብጣብ ላስለቅቅ ብሎ ለሴራሚክ የሚደረገውን አሲድ አፈሰሰበት። እምነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ አሲድ ይበላዋል። አረፋ ሲያወጣ ደረስኩና ብዙ ውሃ ደፋሁበት፤ በግርጌ በኩል እንደ እጅ መዳፍ የሰፋ ቦታ ድምቀቱን አጥቷል። ልጁን አልተቆጣሁም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት። በ400፣ በ800 ከዚያ በ1,200 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሸሁት፤ ልስላሴው ተመለሰ፣ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ለዘመዶች ሁሉ ነገርኳቸው፦ ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ ሳሙናም አይነካው። ውሃ ብቻ። ጧፍም በቀጥታ ከላዩ አይለጠፍ፤ ሰሙ ይሰርጋል።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ጠቅላላ ወጪ 31,000 ብር፤ ከዚህ 5,550ው የእኔ ስህተት ነው። የወንድሟን ገንዘብ አልተቀበልኩም ነበር፤ ለእምነ በረዱ ያለውን ግን ባለቤቴ እንድቀበል አዘዘችኝ። "የእሱም እህት ናት" አለች።

ጥር 19፣ እሑድ

ፍትሐት ተፈታላት። ብዙ ሰው መጣ። ከአስተማረቻቸው ልጆች አንዷ፣ አሁን ረዥም ሆናለች፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበችና "የቲቸር ጽሕፈት ነው" አለች። ማንም አልነገራትም።

ጥቅምት 9 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ከክረምቱ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት። ዘንድሮ ዝናቡ ከባድ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ኮትቻ አብጦ አሁን መሰንጠቅ ጀምሯል። ልጅቷ ራስጌ ቱቦውን ያዘች፣ እኔ ግርጌ። በጣቷ አልደፈነችም። "ቆመ" ስትል ጻፍኩ፦ ራስጌው 3 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ለዚህ መሬት ጥሩ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው እምነ በረድ መካከል ያለው ሙሌት ክር ያህል ተከፍቷል። የአሲዱ ቦታ እንደነበረ ነው።

የሚቀጥለው፦ የተከፈተውን ሙሌት መፋቅ፤ መሬቱ በደንብ እስኪደርቅ እስከ ጥር መጠበቅ፤ በነጭ ሲሚንቶ እንደገና መሙላት። መስከረም 2018 ላይ መለካት። ቱቦው ጠንክሮ ስለተሰነጠቀ 10 ሜትር አዲስ መግዛት።